አፄዎቹ በአፍሪካ መድረክ፤ ፋሲል ከነማ የሄደበት መንገድ ለጨፋ የሚናገረው

«አፄዎቹ» የሚባለው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ ከአማራ ክልል የሊጉ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። ያ ዓመት ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ ለሀገር ሁሉ የተላለፈበት ዓመትም ነበር። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቦርከና ዳር በጨፋ ሸለቆ የተቀመጠችው ከሚሴ እስከዚያ ድረስ የሀገሯን ሊግ በሬዲዮ ነበር የምትከታተለው። ከዚያ በኋላ ግን በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ባሉት ሻይ ቤቶች የማንቸስተርና የአርሰናል ወሬ ብቻውን ነግሦ አልቀረም። የጎንደር፣ የባሕር ዳር፣ የሐዋሳና የጅማ ተጫዋቾችም በስማቸው ይጠሩ ጀመር።

ስለ ፋሲል ከነማ ማወቅ ለጨፋ ሰው የጎረቤት ወሬ ከመስማት ያለፈ ጥቅም አለው። ክለቡ እንደ አንጋፋዎቹ በዋና ከተማ አልተወለደም፤ የጦር ኃይል፣ የባንክ ወይም የትልቅ መሥሪያ ቤት ልጅም አይደለም። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ነዋሪና አስተዳደር ትከሻ ላይ ቆሞ ከታችኛው ሊግ እስከ አፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ ደርሷል። እንዴት እንደወጣና የት ላይ እንደተሰናከለ በቅጡ ያየ ሰው፣ ከከሚሴ፣ ከባቲ ወይም ከሰንበቴ የሚነሳ ክለብ ነገ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ፋሲል የሄደበትን መንገድ አስቀድመው የጠረጉት ሌሎች ናቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ይድነቃቸው ተሰማም በኋላ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአህጉሩ የክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ከተሰባሰቡት አራት የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸነፈ። የተፎካከሩበት ዋንጫ በክዋሜ ንክሩማ ስም የተሰየመ ነበር። ከዋና ከተማ ውጪ ያለ የኢትዮጵያ ክለብ በአፍሪካ ከምርጥ አራቱ ውስጥ መግባት እንደሚችል ያኔ ታይቷል ማለት ነው። ፋሲል ከነማ በተመሠረተበት በ1960 ዓ.ም. ይህ ታሪክ ገና ትኩስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የኢትዮጵያን ስም በአህጉሩ በዋናነት ተሸክሞ የዘለቀው በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በ2005 ዓ.ም. በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከምድብ ድልድል የደረሰ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በቻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ ውስጥ ገባ። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብጹን ዛማሌክ በመለያ ምት ጥሎ አለፈ። ሜዳው ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ግብጽ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከዚያ በመለያ ምት አሸናፊ መሆኑ ነው። ከሶዶ የመጣ ክለብ የካይሮውን ኃያል ሲያሰናብት ያየ የክፍለ ሀገር ደጋፊ ሁሉ ልቡ ሞላ።

ፋሲል ለረጅም ዓመታት የኖረው በታችኛው እርከን ነው። በጎንደር የፕሪምየር ሊጉን ስም ይዞ የቆየው የፋብሪካው ክለብ ዳሸን ቢራ ነበር። የ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሲጠናቀቅ የሁለቱ ዕጣ ተለዋወጠ፤ ዳሸን ቢራ ወረደ፣ ፋሲል ከነማ አደገ። የፋብሪካው ቡድን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ፋብሪካው ግን ለከተማው ክለብ ስፖንሰር ሆኖ ቀጠለ። የድርጅት ክለብ ሕልውናው በአንድ ቦርድ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሥራ አስኪያጆቹ ወጪው በዛ ካሉ ያበቃለታል። የከተማ ክለብ ግን ቢወርድ እንኳ ደጋፊው አብሮት ስለሚወርድ ተመልሶ የሚነሳበት መሠረት አይጠፋም።

በዚያው ዓመት ከፋሲል ጋር ወደ ሊጉ ካደጉት ውስጥ ወልድያም ነበረ። በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም ተመረቀ። ለወሎ ሰው ይህ ታላቅ ቀን ነበር፤ ከከሚሴም ሆነ ከደሴ ተነስተው በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት፣ ሙሉ ወንበር የተገጠመለት ዘመናዊ ሜዳ ተገኘ። ክለቡ ግን በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ወልድያ ስታዲየም አግኝቶ የሊግ ቦታውን አጣ፤ ፋሲል ቦታውን አጽንቶ ለአህጉር የሚበቃ ስታዲየም አጣ። በአንድ ዓመት ያደጉት የእነዚህ የሁለቱ ክለቦች ታሪክ አንድ ላይ ሲነበብ የክልሉን እግር ኳስ ችግር አንድም ሳይቀር ያሳያል።

አፄዎቹ ካደጉ በኋላ ለዋንጫ ለመፎካከር ብዙ አልቆዩም። በ2011 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመሩ እስከ መጨረሻው ቀን ለዋንጫው ተናነቁ፤ መቐለ 70 እንደርታ በአንድ ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ዓመቱ ግን በባዶ እጅ አላለፈም፤ ፋሲል የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መድረክ ወጣ። ቀጣዩ የውድድር ዘመን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ በስዩም ከበደ የሚሰለጥነው ቡድን አንድም ጨዋታ በጎንደር ሜዳው ላይ ሳያደርግ ዋንጫውን አነሳ። አምበሉ ያሬድ ባየህ፣ የማሊው ግብ ጠባቂ ሚኬል ሳማኬ፣ ሽመክት ጉግሳ፣ ሱራፌል ዳኛቸው፣ በዛብህ መለዮና ሙጂብ ቃሲም የዚያ ቡድን ምሰሶዎች ነበሩ።

የአህጉሩ ጉዞ የተጀመረው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። በኮንፌዴሬሽን ዋንጫው ቅድመ ማጣሪያ ዕጣ ያገናኛቸው ከታንዛኒያው አዛም ጋር ነበር። ጨዋታው ባሕር ዳር ላይ ተደረገና በዛብህ መለዮ ባስቆጠረው ጎል ፋሲል 1 ለ 0 አሸነፈ። ዳር ኤስ ሰላም ላይ ግን 3 ለ 1 ተረታና በድምር ውጤት 3 ለ 2 ወደቀ። አዛም የራሱ ስታዲየም፣ የራሱ የልምምድ ማዕከልና የራሱ የወጣቶች አካዳሚ ያለው ክለብ ነው። የመልሱን ጨዋታ ያደረገውም ዘወትር በሚለማመድበት ሠፈር፣ በቻማዚ ነበር። ፋሲል ደግሞ «ሜዳዬ» ብሎ የተጫወተው ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያው ዋንጫ የቱኒዚያው ዩኒየን ሞናስቲር አሰናበተው።

ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር የተደረገው ደርሶ መልስ ነው። ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ በቻምፒዮንስ ሊጉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አል ሂላል በአህጉሩ ለፍጻሜ ደርሶ የሚያውቅ፣ ኦምዱርማን ላይ የራሱ ስታዲየም ያለው አንጋፋ ክለብ ነው። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ወጡ። ድምሩ 3 ለ 3 ነው። ፋሲል በሁለቱም ጨዋታ አልተሸነፈም። ነገር ግን በካፍ ሕግ መሠረት ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ይቆጠራል፤ አል ሂላል ባሕር ዳር ላይ ሁለት፣ ፋሲል ኦምዱርማን ላይ አንድ ነው ያላቸው። አፄዎቹ ሳይሸነፉ ተሰናበቱ። የአውሮፓው እግር ኳስ ማኅበር ይህንኑ ሕግ ከጥቂት ወራት በፊት ሽሮት ነበር። የፋሲልና የአል ሂላል ጨዋታ በአዲሱ የአውሮፓ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ወደ ተጨማሪ ሰዓት፣ ካልሆነም ወደ መለያ ምት ያመራ ነበር።

ይህ ዕጣ በፋሲል አልተጀመረም፤ በፋሲልም አላበቃም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2005 ዓ.ም. የማሊውን ጆሊባን ጥሎ ዛማሌክን ሲገጥም ግብጽ ላይ 1 ለ 1፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ወጥቶ በዚሁ ሕግ ወደቀ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ አል ሂላልን ሜዳው ላይ 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 0 ተሸንፎ በድጋሚ በከሜዳ ውጪ ጎል ተሰናበተ። በአንድ ዐሥርት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ክለቦች፣ የኢትዮጵያ ቡድን በጎል ቁጥር ሳይበለጥ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

እነዚህን ሦስት ጉዞዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የጋራ ነገር ያያል፤ ሁሉም የተበላሹት በራስ ሜዳ በተገባ ጎል ነው። ሁለት ለሁለት፣ ሁለት ለሁለት፣ ሁለት ለአንድ። ቡድኖቻችን ማጥቃት አልጎደላቸውም፤ ደጋፊውም ባሕር ዳርን ሞልቷል። የጎደለው ሜዳን ምሽግ የማድረግ ልማድ ነው። ይህ ልማድ የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሜዳ ላይ ከመጫወት ነው፤ ሣሩ እንዴት እንደሚያንሸራትት፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ በ80ኛው ደቂቃ ከየትኛው ጥግ ጩኸት እንደሚነሳ ከማወቅ። ሊጉ ከከተማ ከተማ በሚዞርበት፣ የአህጉሩ ጨዋታ ደግሞ በሌላ ከተማ በሚደረግበት ሁኔታ የፋሲል ተከላካይ ይህን እውቀት ከየት ያገኘዋል?

የሜዳው ጉዳይ ከዚያም ከፋ። ብሔራዊ ቡድኑ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ባሕር ዳር ላይ ከተጫወተ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አላሟላም ብሎ አገደው። ሀገሪቱ «የሜዳዋን» ጨዋታ በጆሃንስበርግ፣ በሊሎንግዌና በሌሎች የሰው ሀገር ስታዲየሞች ለማድረግ ተገደደች። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት የ2014 ዓ.ም. ጨዋታ እንኳ የተካሄደው ማላዊ ላይ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ገንብቶ በመልበሻ ክፍል፣ በወንበር፣ በሣርና በመብራት ጉድለት መታገድ ሠርግ ደግሶ ሙሽራውን እንደ መርሳት ነው።

ፋሲል ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ2014 ዓ.ም. በሊጉ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫው የቡሩንዲውን ቡማሙሩ ጥሎ አለፈ። ክለቡ በአህጉሩ ያለፈው የመጀመሪያው ዙር ይህ ነው፤ ቀጥሎ የቱኒዚያው ስፋክሲያን አቆመው። ዓመቱ ሲዞር ተራው የባሕር ዳር ከተማ ሆነ። የጣና ሞገዶቹ በአሰልጣኝ ደግአረገ ይግዛው እየተመሩ በሊጉ ሁለተኛ ሆነው ወጡና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፋሲልን ያሰናበተውን አዛምን ገጠሙ። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ ዳር ኤስ ሰላም ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፉ። እነሱንም በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አሰናበታቸው። በአራት ዓመት ውስጥ የክልሉ ክለቦች በአዛም ከመውደቅ አዛምን እስከ መጣል ደርሰዋል። ይህ እድገት ነው፤ በግልጽ ሊነገርለትም ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ፋሲል ወደ አህጉሩ አልተመለሰም። አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። የከተማ ክለብ ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ከከተማው አስተዳደር በጀት፣ ከስፖንሰርና ከደጋፊዎች ማኅበር መዋጮ ነው። ሊጉ ከሜዳ ወደ ሜዳ ሲዞር የትኬቱ ገቢ ከክለቡ እጅ ወጣ። በአንጻሩ የተጫዋች ክፍያ እየናረ ሄደ፤ ለ2012 የውድድር ዘመን ወርሃዊ ደመወዙ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማውጣት ተደርሶ ነበር። የሚመጣው ብር ሁሉ ለአንድ ዓመት ኮንትራትና ለዝውውር ሲውል፣ ክለቡ በየክረምቱ ቡድን ይገዛል እንጂ አይገነባም። ጥሩ ተጫዋች ሲወጣ የሚተካው ልጅ ከታች አይገኝም።

የሀብት ማነስን ብቻ ምክንያት አድርጎ መቀመጥ ግን አያዋጣም። ከባልቲክ ባሕር ዳር ያለችው ላትቪያ የሕዝቧ ቁጥር ሁለት ሚሊዮን አይሞላም፤ የክለቦቿ የአውሮፓ ታሪክ ግን ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የዋና ከተማዋ ክለብ ስኮንቶ ሪጋ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2004 ድረስ 14 ጊዜ በተከታታይ የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1997 በቻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ባርሴሎናን በካምፕ ኑ ገጥሞ 3 ለ 2 ነበር የተሸነፈው፤ ሪጋ ላይ ደግሞ 1 ለ 0። ይህን ያህል ታሪክ ያለው ክለብ በዕዳ ምክንያት ወደ ታችኛው ሊግ እንዲወርድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪሳራ ተዘጋ። ሌላው ክለብ ቬንትስፒልስ እ.ኤ.አ. በ2009 የዩሮፓ ሊግ ምድብ ውስጥ ገብቶ ሀገሩን አኩርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በጨዋታ ማጭበርበር ጉዳይ ለሰባት ዓመት ከአውሮፓ ውድድሮች ታግዶ ፈረሰ። ከእነሱ በኋላ የላትቪያን ስም ያስጠራው አርኤፍኤስ የተባለው ሌላ ክለብ ነው። ዋንጫ ብዛት ክለብን ከሞት አላዳነም፤ የሚያድነው የተጣራ ሒሳብና ንጹሕ አሠራር ነው።

ካፍም ለአህጉራዊ ውድድር ፈቃድ ሲሰጥ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የክለብ ፈቃዱ አምስት ነገሮችን ይመረምራል፤ የስፖርት ሥራው፣ መሠረተ ልማቱ፣ የሰው ኃይሉና አስተዳደሩ፣ ሕጋዊ ሰውነቱ፣ ፋይናንሱ። በሊጉ ያስመዘገብከው ነጥብ ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ አይተካም። የወጣት ቡድን አለህ? የምትጫወትበት ሜዳ የማን ነው? ሒሳብህን ማን መረመረው? የተጫዋች ደመወዝ በሰዓቱ ከፍለሃል? የአህጉሩ ጨዋታ የሚጀመረው ዳኛው ፊሽካውን ከመንፋቱ ከብዙ ወራት በፊት፣ በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

አሁን ወደ ጨፋ እንምጣ። በጋ ላይ የቦርከና ዳር መስክ ከከብቱ ተርፎ ለኳስ ይሆናል፤ ልጆች በሁለት ድንጋይ ጎል ሠርተው እስኪመሽ ይራወጣሉ። ክረምት ሲገባ ረግረጉ ሞልቶ ሜዳው ይጠፋል፤ ጨዋታውም አብሮ ይቆማል። በዓመት ለወራት ኳስ የማይነካ ልጅ ከጅማና ከሐዋሳ ልጅ ጋር እኩል አይወዳደርም። ከሸለቆው ወደ ሰሜን ብንወጣ ወሎ ኮምቦልቻና ደሴ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ሲታገሉ ኖረዋል፤ እነሱም በበጀትና በሜዳ ጉዳይ ከፋሲል የባሰ እንጂ የተሻለ ዕድል አልነበራቸውም። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጅ ችሎታ ቢኖረው እንኳ የሚያየው አሰልጣኝ የሚያገኘው ከቤቱ ርቆ ከሄደ ብቻ ነው።

የፋሲል ከነማ ታሪክ የሚለን ግልጽ ነው። የክፍለ ሀገር ክለብ ሻምፒዮን መሆን ይችላል፤ ይህ በ2013 ዓ.ም. ተረጋግጧል። አንጋፋ የአፍሪካ ክለብ ፊት ሳይሸነፍ መቆም ይችላል፤ ይህም በመስከረም 2014 ዓ.ም. ታይቷል። የጎደለው ከታች ያለው መሠረት ነው። ስለዚህ ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አስተዳደር፣ ለከሚሴ ከተማ ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢው ነጋዴዎች የምለው ይህ ነው፤ ትልቅ ስታዲየምን ለነገ አቆዩት። ክረምት ከበጋ የሚያጫውት፣ ውኃው የሚወርድበት ቦይ የተሠራለት አንድ ሜዳ አዘጋጁ። ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በደመወዝ የሚሠራ አሰልጣኝ ቅጠሩ። የክለቡን ገቢና ወጪ በየዓመቱ ለነዋሪው በአደባባይ አቅርቡ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ከትምህርት መልስ ኳስ ሲይዙ አትከልክሏቸው። አፍሪካ ላይ የሚጫወት ክለብ የሚወለደው ከዚህ ነው፤ ከጨፋም ሊወለድ ይችላል።